ነብሩ ውስጥ ያለችው ልጅ

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ከቤታችን ደጅ

ይድረስ ለእኅቴ ለሉሊት፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ካንቺ ናፍቆትና ከእማዬ ቁጣ በቀር ደህና ነን። ናፍቆቱን ለሦስት ተካፍለነዋል፤ ቁጣው ግን ለኔ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ማማው ቆሟል፤ ቁራ ይሰፍርበታል እንጂ ቃል አያወጣም። ስለዚህ እንዲህ ዘየድን፦ እኔ እጽፋለሁ፣ የአውቶቡሱ ረዳት ደሴ ያደርሰዋል፣ የጎረቤታችን ልጅ ፈርሂያ እዚያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ሪያድ ትልክልሻለች። ያንቺን መልስ ደግሞ ወረቀት ላይ ገልብጣ ትሰድልናለች። ስለ ፈርሂያ ቁንጅና አንድ ሁለት የምለው ነበረኝ፤ ግን ቀድማ የምታነበው እሷ ናት። (ፈርሂያ፣ ሰላም ነው?)

ፊደሌን ታገሺው። ስምንተኛ ክፍል ላይ እኔ ትምህርቱን አልተውኩም፤ ትምህርቱ ነው የተወኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «እንዲህ ብለህ ጻፍ» ትለኛለች፤ እጽፋለሁ። «ልጅሽ መቅደላዊት ስምንት ወሯን ጨርሳለች። ጨዋ ናት። ካስተኛኋት አትነቃነቅም፣ ካዘልኳት ድምጿ አይሰማም። እንዳንቺ ያለች ረባሽ አይደለችም። አደራሽን ጠብቄያለሁ፦ ነፋስ አልነካትም፣ ፀሐይ አላያትም፣ የሰው ዐይን አላረፈባትም። ላሚቱ ወልዳለች።» የእማዬ ቃል እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የኔ ነው፤ እሷ ስትጠይቀኝ «ሰላምታ ነው» እላታለሁ።

የላክሽው ብርድ ልብስ ደርሶ ሥራ ጀምሯል። ለሕፃን ልጅ ይህን የሚያህል ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ የሚልክ ሰው መቼም አንቺ ብቻ ነሽ። እማዬ ልጅቷን በሱ ጠቅልላ፣ በመቀነት ጠፍራ፣ ከጓዳ አልጋ ላይ ታጋድማታለች። ከልጅሽ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው፤ የቀረው ነብር ነው። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ነብሩ ደህና ነው?» ይለኛል። ፎቶ አንሳልኝ ያልሽውን እርሺው። «ፎቶም ዐይን ነው» ብላ ፈርዳለች።

የእማዬ አንድ እግር ጫማ ጉዳይ ገና አልተዘጋም። አንቺ በሄድሽ ማግስት የጠፋው የግራ ኮንጎ ጫማዋ ዛሬም በኔ ላይ ነው። «ለቀልድህ ደብቀኸው ነው» ትለኛለች። ወላሂ አልደበቅኩም። ብዙ ነገር ደብቄያለሁ፤ እሱን ግን አልደበቅኩም።

በመጨረሻ ልጅሽን ልከስሽ ነው። አልሳቀችልኝም። ወንፊት ራሴ ላይ ደፋሁ፣ እንደ በሬ አገሣሁ፣ ምላሴን አፍንጫዬ ድረስ ሰቀልኩ። እኔ በፍልሰታ ጾም የንስሐ አባታችንን ያሳቅኩ ሰው ነኝ! እሷ ግን ውሳኔውን ለሌላ ቀጠሮ እንዳስተላለፈ ዳኛ አየችኝ። ተቀይሜያታለሁ። እስከ ኅዳር ካላሳቅኋት ስሜ ይሄነው አይባል።

የውሸት ክስ የበዛበት ወንድምሽ
ይሄነው

*

መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሪያድ

ለወንድሜ ለይሄነው፣

ላሚቱ እንዴት ናት? ጥጃዋ ወንድ ነው ሴት? ላሟን ያስቀደምኩት አውቄ ነው፤ እማዬ እሷ ሁለተኛ ብትጠራ አትቀየምም፣ ላሚቱ ሁለተኛ ከተጠራች ግን ሳምንት ታኮርፋለች። እሺ፣ እማዬስ? ወገቧን ተሻላት?

መቅደላዊት ጨዋ መሆኗን ስሰማ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እዚህ የምይዘው የማዳም ልጅ ገና ሰባት ወሩ ነው፤ ሲጮህ ጎረቤት በር ይመታል፤ ያየውን ሁሉ ካልያዝኩ ይላል። የኔ ልጅ አያቷን አለማድከሟ ተመስገን ነው። ለእማዬ ንገራት፦ እንደጠቀለለቻት ትቆይ። ወላጆቿ ውጭ አገር ናቸው ተብሎ ብዙ ዐይን ነው የሚያርፍባት። ስሄድ የሰጠኋት አደራ ያው ነው፤ እኔ ሳልል ለማንም እንዳትፈታት።

ባሌ አሳምነው ከሚጠብቃቸው ግመሎች ጋር በረሃ ነው፤ በወር አንድ ቀን ይደውላል፤ ስለ ልጁ «ሳቀች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አባትነቱን የሚወጣው በዚህ ነው።

ጥርስ አወጣች? ንገረኝ። አንተ ደግሞ ወንፊትህን ይዘህ ከአጠገቧ ራቅ፤ የምታስፈራራው ሕፃን አጣህ?

እኅትህ ሉሊት

*

ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም ሉሊት፣

ጥጃዋ ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ቦቃ አላት፤ እማዬን ትመስላለች። ይህን የመጨረሻውን አላነበብኩላትም።

ጥርስ ላልሽው፣ የለም። ጣቴን ሰድጄ ፈትሻለሁ። ድድ ብቻ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እማዬ እንዳልጽፍ ከልክላኛለች። «ይህን ብትጽፍ እጅህን እቆርጠዋለሁ» ብላለች። በግራ እጄ ነው የምጽፈው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ተውኩት።

ከገብስ አጨዳ ላመልጥ ሆዴን ይዤ ጤና ኬላ ሄድኩ። የጤና ኤክስቴንሽኗን ስመኝን ታውቂያታለሽ። ሆዴን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ «አንተን የያዘህ ገብስ ነው» አለችና ጥግ አስቀመጠችኝ። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የሕፃናት ሥዕል ተለጥፏል፤ ሌላ የማየው ስላጣሁ አነበብኩት። በሁለት ወሩ ሲያጫውቱት ፈገግ ይላል፣ ይላል። በአራት ወሩ አንገቱን ያቀናል። በስድስት ወሩ ያሳዩትን ነገር እጁን ዘርግቶ ይይዛል። በዘጠኝ ወሩ ሳይደገፍ ይቀመጣል፤ የደበቁበትን ይፈልጋል። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ልጅዎ ይህን ካላደረገ ጊዜ ይፈታዋል ብለው አይጠብቁ፤ ይዘውት ይምጡ» ይላል።

እታለም፣ ተነሥቼ ቆምኩ። ሰው መቼ እንደሚስቅ፣ መቼ እንደሚሸወድ በወር ቆጥሮ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት መኖሩን ማን ነገረኝ! ይኼ የኔ ሙያ ነው። በዚህ ብማር ኖሮ ዛሬ ዲግሪ ነበረኝ።

የሻይ ማንኪያ ኪሴ ከትቼ መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤታችን አልታየች ቤት ነው። ልጇ ጋሹ ከመቅደላዊት በአምስት ቀን ነው የሚበልጠው። ጭቃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ብቻውን፣ እንደ ሽማግሌ። ማንኪያውን አሳየሁት። እጁን ሰደደ። ሳብኩት። እንደገና ሰደደ፤ እንደገና ሳብኩት። በሦስተኛው ሳቀና ማንኪያውን ነጥቆ ግንባሬን አለኝ። ባርኔጣዬ ሥር ደበቅኩበት፤ ባርኔጣዬን ገፎ አወጣው። በአራተኛው አልታየች መጥረጊያ ይዛ ወጣች። «አንተ ደግሞ እኩያህን አጣህ? ከሕፃን ልጅ ማንኪያ ትቀማለህ?» ሦስት ጊዜ አቀመሰችኝ። ለእውቀት የተከፈለ ነው።

ከዚያ እማዬ ውኃ ስትወርድ የኛዋን ፈታኋት። ነብሩን ገለጥኩ። በዚህ ብርድ ጭንቅላቷ በላብ ርሷል። እጇን ከመቀነቱ አወጣሁት፤ ተፈትቶም እንደታሰረ ቀረ። ማንኪያውን አሳየኋት። ዐይኗ ተከተለው፣ ደስ አለኝ። እጇ ግን አልሄደም። ደበቅኩት፤ አልፈለገችውም። ላስቀምጣት ብሞክር እንደ ባዶ ጆንያ ታጠፈች፤ አንገቷም ቶሎ ነው የሚደክመው። ደግሜ ሞከርኩ። እንደ ጅል አምስቴ ሞከርኩ።

እኔ የማልሸውደው ሰው የለም፤ ታውቂያለሽ። ለመሸወድ ግን ሰውየው የሆነ ነገር መፈለግ አለበት። ልጅሽ ማንኪያውን አልፈለገችውም።

እማዬ ደርሳ ስታየን እንስራዋን ሳታወርድ ነው የጮኸችው። «አደራ በላ!» አለችኝ።

ስመኝ እንድታያት አድርጊ። ይኼ ቀልድ አይደለም። አውቃለሁ፤ ይህችን ቃል ከዚህ በፊትም ብያታለሁ።

ይሄነው

*

ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሪያድ

ይሄነው፣

ላሚቱንም እማዬንም ሳምልኝ። አንተን አልስምህም።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መጥበሻ ይዤ ነበር፤ እግሬ ላይ ለቀቅኩት። ማዳም ምን ሆንሽ አለችኝ። በምን ቋንቋ «ወንድሜ ቀልደኛ ነው» ይባላል?

ሐምሌ ላይ ያደረግከውን ፈርሂያ አልነገረችኝም መሰለህ? «ሉሊት መጣች፣ ከአውቶቡስ ወርዳለች» ብለህ እማዬን ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ እስከ አስፋልቱ አስሮጠሃታል። እዚያ ደርሳ የጤፍ ጆንያ ሲራገፍ ቆማ አየች አሉ። አንተ ግንድ ሥር ቁጭ ብለህ ትስቅ ነበር። ይህን ያደረገ ሰው ዛሬ ልጅሽ አትቀመጥም ቢለኝ በምኔ ልመነው? ወላሂ ባልክ ቁጥር ነው የምትዋሸው። በዚህ ደብዳቤህ እንኳ አልማልክም፤ እሱም አዲስ ዘዴ ይሆናል።

እማዬ አምስት ልጅ አሳድጋለች። ልጄ ጨዋ ብትሆን በሽተኛ ልታደርጋት ነው? ሁለተኛ እንዳትነካት። ስለ ሌላው ነገር ብቻ ጻፍልኝ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብሱ።

ሉሊት

ጋሹ ግን እውነት ሳይደገፍ ይቀመጣል?

*

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ዝናቡ ቆሟል። ገብሱ ታጭዷል። ጋሹ እውነት ይቀመጣል፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ መዳህ ጀምሮ የአልታየችን ሽሮ ደፍቷል።

ሐምሌ ላይ ስላደረግኩት ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም። አስቂኝ መስሎኝ ነበር። እማዬ ስትመለስ አልመታችኝም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ ወደ ቤት ገባች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር በይኝ። ይህንንም እንደ ቀልድ ካየሽው መብትሽ ነው።

አሁን ያደረግኩትን ጥፋት ልንገርሽ፤ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ። ያን ቁጣ የሞላበት ደብዳቤሽን ለእማዬ ሳነብላት ሌላ አድርጌ አነበብኩት። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ዲያቆን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ይድረስ ለውድ እናቴ፦ ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ መቅደላዊትን ፈትተሽ ለስመኝ አሳዪ፣ ፀሐይም አሙቂያት» አልኩ። እንባ እንኳ ቃጥቶኝ ነበር። እማዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «ላሚቱስ?» አለች።

«የቷ ላሚቱ?»

«ሉሊት ላሚቱን ሳትጠይቅ ደብዳቤ ትጽፋለች? ወንበዴ!»

አየሽ፣ አንቺ «ላሚቱን ሳምልኝ» ብለሽ ነበር። እኔ በጥድፊያ እሷን ዘለልኳት። በላም ተያዝኩ!

ወረቀቱን ከእጄ መንጭቃ ወጣች። ማንበብ የሚችልና የማይዋሽ ሰው ፍለጋ ቀጥ ብላ ማን ጋ ሄደች? ስመኝ ጋ! እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ላገናኛቸው ስሞክር የነበሩትን ሁለት ሰዎች ውሸቴ አገናኛቸው። ከኋላ ከኋላ ተከትዬ መስኮት ሥር ቆምኩ። ስመኝ ደብዳቤውን እውነተኛውን አነበበች፣ ስድቤንም ሳትዘል። «ልጅሽ አትቀመጥም ቢለኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ንባቧን አቋረጠች።

«እማማ የሻለም፣ አትቀመጥም እንዴ?»

«ጨዋ ናት» አለች እማዬ።

«ዘጠኝ ወሯ አይደል? ክትባት ላይ ከሦስተኛው ወዲህ አላየኋትም። እስቲ ያምጡልኝ፣ ልያት።»

«አደራ ናት፣ ልጄ። እናቷ እኔ ሳልል ለማንም አትፍቻት ብላኛለች። የራሴ ብትሆን እሰጥሽ ነበር፤ የራሴን አምስቱንም ያሳደግኩ መሬት ላይ ነው። የሰው አደራ ግን እንዴት መሬት ላይ ይጣላል?»

ስመኝ ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ እማዬ ንቅንቅ የለም። እንግዲህ የታሰረችው በነብሩ መቀነት ብቻ አይደለም። ያንቺ ቃል ነው ያሰራት። መፍቻው ያለው አንቺ ጋ ነው፤ በዚያ ላይ እኔ ባነበውም አታምነኝም። ለስመኝ ላኪው፤ ስመኝ ታንብበው። ሌላ ሰው ሊያውቀው የማይችል፣ ያንቺና የእማዬ ብቻ የሆነ ነገር ጨምሪበት፤ እኔ ያልፈበረክኩት መሆኑን ታውቅ።

ላሚቱንም እንዳትረሺ፤ በፈጠረሽ።

ይሄነው

*

ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሪያድ

ስመኝ፣ እባክሽ ይህን ለእናቴ አንብቢላት፤ ይሄነው ደጅ ይቁም።

ይድረስ ለእናቴ ለየሻለም፣

ላሚቱ እንዴት ናት? ባለቦቃዋ ጥጃስ? ወተቱን ለሰው ሁሉ እያደልሽ ራስሽን እንዳትረሺ።

እማዬ፣ ይሄነውን አላመንኩትም ነበር። ትናንት ግን የማዳምን ልጅ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ የሻይ ማንኪያ አሳየሁት። ገና ዘጠኝ ወር እንኳ አልሞላውም። እጁን ሰደደ። ሳብኩበት፤ ተናደደ። ከትራስ ሥር ደበቅኩት፤ ትራሱን ገልብጦ አወጣው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ።

እንግዲህ አደራዬን ፍቺው። በአፌ ያሰርኩትን በአፌ ፈትቻለሁ። ስመኝ ትያት፣ ሐኪም ይያት፣ የፈለገ ዐይን ይያት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ያልኩሽን ነው የጠበቅሽ።

ቃሉ የኔ መሆኑን ታውቂ ዘንድ፦ በሄድኩ ቀን ንጋት ላይ በጥድፊያ ከበሩ ሥር ያንቺን የግራ ኮንጎ አጥልቄ ነው የወጣሁት። በቀኜ የኔን፣ በግራዬ ያንቺን። አየር ማረፊያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ሳይ ነው ያወቅኩት። ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ሌላ ሆንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ተረከዙ ላይ በሽቦ የሰፋሽው ያው አለ፤ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። የኔ የግራው እዚያ ቀርቷል። እስካሁን አግኝተሽው ይሆናል።

ልጅሽ ሉሊት

*

ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ደጅ ቆሜ ሰማሁ። ደጅ ይቁም ነው ያልሽ፣ ጆሮውን ይድፈን አላልሽም።

ስመኝ ቤታችን መጥታ አንብባ ስትጨርስ እማዬ ተነሥታ ሳጥኗን ከፈተች። ከታች፣ ከበዓል ቀሚሷ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የግራ እግር ኮንጎ። ያንቺ! ሰባት ወር ሙሉ እሷ ጋ! ያንቺ ጫማ ሲቀር የሷ ወዴት እንደሄደ እያወቀች፣ በሰው ፊት እንዳታለቅስበት ብላ እኔን ስትከስ ከረመች። «እማዬ፣ እኔስ?» ብዬ ገባሁ። «አንተ ሌላ የሰረቅከው አይጠፋም» አለችኝ። ፍርድ ቤት ብሄድ ካሳ አገኛለሁ፤ ምስክሬ አንቺ ነሽ።

ከዚያ እሷ ራሷ መቀነቱን ፈታች። ቋጠሮው እምቢ አላት፤ እኔ ልርዳሽ ብል «ራቅ» አለችኝ፤ ራቅኩ። በስንት ወር መጀመሪያ ጊዜዬ ነው ሳልቀልድ የታዘዝኩት።

ስመኝ አንገቷን፣ ወገቧን፣ እጇን አየች። የእጇ አንጓ አበጥ ብሏል። የጭንቅላቷን አጥንት በጣቷ ዳሰሰች። «ዛሬውኑ ሆስፒታል» አለች። መካነ ሰላም ወረድን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ መነጽሩን እንዳወልቅበት ቦታው አመቺ ነበር፤ አላደረግኩትም። ራጅ ተነሣች። ዐይኗን በብርሃን፣ ጆሮዋን በድምፅ ፈተሸ፤ ሁለቱም ደህና ነው።

አብሽሪ፣ ያለውን ሳላሳጥር ልጻፍልሽ። ሪኬትስ ይሉታል። ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን አጥንቱ ይላላል፣ ጥርሱ ይዘገያል፣ ጭንቅላቱን ያልበዋል፣ መቀመጥ ያቅተዋል። በዚያ ላይ እጇም ዐይኗም ታስረው ስለከረሙ መጫወት አልተማረችም። «ዕድገቷ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለ፤ ልክ በዚህ ቃል። የቫይታሚን ጠብታ አዘዘ፤ በየጠዋቱ ፀሐይ፣ መሬት ላይ በሆድ ማስተኛት፣ እንቁላል፣ ያቺው የላሚቱ ወተት። በየወሩ ትመጣለች። ሁሉም ይስተካከላል ብሎ አልማለልኝም። «ቀድማችሁ መጣችሁ፤ ዓመት ሁለት ዓመት ብትጠብቁ ይከብድ ነበር» ነው ያለው።

እማዬ «በዚህ በእጄ ነው የጠቀለልኳት» አለች። ሐኪሙም «እናቴ፣ አሁንም በዚያው እጅ ነው የምትፈታው» አላት። ደህና ልጅ ነው። መነጽሩን ስላልነካሁት ደስ ብሎኛል።

ጥፋቱ የብርድ ልብሱ ነው ወይ ብለሽ ምንም አትጨነቂ። ነብሩን ይዘን አስረነዋል። ደጅ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ መቅደላዊት በሆዷ ተኝታ ፊቱ ላይ ለሃጯን ታዝረበርብበታለች። ቅጣቱ ይበቃዋል።

ወረቀቱ ላይ በሐኪሙ እጅ «በቀን ብዙ ጊዜ ማጫወት፣ ማነጋገር፣ ማሳቅ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለው። ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ የሐኪም ፊደል ከኔ ይብሳል። ወረቀቱን ኪሴ ይዤ እዞራለሁ። አልታየች መጥረጊያ ስታነሣ አውጥቼ አሳያታለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የምቀልደው በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ይሄነው

*

ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለሉሊት፣

ላሚቱ ደህና ናት። ተምሬያለሁ።

ከታኅሣሥ ወዲህ «ትድናለች ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ሦስት ጊዜ «አላውቅም» ብዬ የመለስኩልሽ ስለማላውቅ ነበር። ተስፋ ሰጥቼሽ ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ። ውሸት መጻፍ የሚቀልለኝ ሰው እውነት መጻፍ ይህን ያህል እጄን ያስረኛል አላልኩም ነበር። ዛሬ ግን የምጽፈው አለኝ።

በጥር አንገቷ ጸና። በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሁለት እጇን መሬት ተክላ ተቀመጠች፤ እንደ ድንኳን ግራ ቀኝ ትንገዳገዳለች። በመጋቢት ሁለት ጥርስ አወጣች፤ የመጀመሪያው ንክሻ ለኔ ደረሰኝ። ጠባሳው አለ፤ ስትመጪ አሳይሻለሁ። አሁን በቂጧ እየተንፏቀቀች ደጁን ታቋርጣለች። ጋሹ ቆሞ እየሄደ ነው፤ እሷ ገና አልቆመችም። ሐኪሙ «እግሯም ይመጣል፤ ዐይናችንን አናነሣም» ብሏል፤ ቀጠሮ አላት።

ሳቋ? የሳቀችው ባላሰብኩበት ቀን ነው። ወንፊት ሳልደፋ፣ ሳላገሣ። ጥጃዋ ከኋላ መጥታ ሱሪዬን ጎትታ ጣለችኝ፤ ልጅሽ በሳቅ ተንከተከተች። እኔ ስድስት ወር ደክሜ ባለቦቃዋ በአንድ ቀን! ለአሳምነው ይህን አስተላልፊለት፤ ለግመሎቹም ይንገራቸው።

ስመኝ በየወሩ እናቶችን ሰብስባ ስታስተምር ማንኪያዬን ይዤ እንድመጣ ታዝዘኛለች። ሕፃናቱን በተራ እሸውዳለሁ፤ የማይሸወድልኝ ካለ እሷ ትመዘግባለች። ባለፈው አንድ ሕፃን ወደ ድምፁ አልዞረም፤ እናቱ «ጨዋ ነው» ስትል እማዬ ከኋላ ተነሥታ «እኔም እንዲሁ ስል ነበር» አለች። ሴትዮዋ በማግስቱ ወሰደችው።

አሁን ዋናው። ትናንት ጠዋት ነብሩ ላይ ተቀምጠን ነበር። ማንኪያውን ሰጠኋት፤ ያዘች፤ ቀመሰች፤ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ክንዷን ዘረጋች፤ ወደኔ። «ለኔ ነው?» አልኳት። ዐይኔን ዐይኔን ታየኛለች። አመንኳት። እጄን ሰደድኩ።

ሳበችው!

ማንኪያውን ሆዷ ላይ ለጥፋ፣ በሁለት ጥርሷ እየሳቀች አየችኝ። እንደገና ዘረጋች፤ እኔ ጅሉ እንደገና እጄን ሰደድኩ፤ እንደገና ሳበችው። እታለም፣ በአገር የታወቅኩ ቀልደኛ፣ አስራ አምስት ወር ባልዘለለች ልጅ ሁለቴ ተሸወድኩ። አጎንብሼ ነብሩን የማስተካክል መሰልኩ፤ ቀና ማለት አልቻልኩም። ፈርሂያ፣ ይህችን መሥመር ስታነሺ አትሳቂብኝ።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ማኅተም አስደርጌያለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው የእማዬ ቃል ነው፣ በስመኝ እጅ።

የተሸወደው ወንድምሽ
ይሄነው

«ሉሊት ልጄ፣ እኔ የሻለም ነኝ። በዐይኔ አይቻለሁ፤ ይሄነው ዛሬስ አልዋሸም። ልጅሽ በፀሐይ ጠቁራለች፣ ቆሽሻለች፣ ትጮኻለች፤ ጨዋነቷ ጠፍቷል፤ ተመስገን። የግራ ጫማሽ ሳጥኔ ውስጥ አለ። እስክትመጪ አልሰጥም። የኔን ይዘሽ ነይ።»